በመርፌ የተጻፈ ታሪክ

ታሪክ የሚጻፍበት ነገር ልዩ ልዩ ነው። የአክሱም ነገሥታት በድንጋይ ላይ አስቀረጹ፤ ጸሐፍት ብራና አዘጋጅተው በቀለም ጻፉ፤ ሠዓልያንም ፊደል ላልቈጠረው ሕዝብ የቅዱሳንን ገድል በሸማ ላይ ሥለው፥ ሸማውን በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ይህን ሁሉ የማያውቅ ምእመን የለም። ዳሩ ግን ድንጋይ የሚያስቀርጽበት ሥልጣን የሌለው፥ ብዕርና መጽሐፍም በሕግ የተከለከለ ሰው ታሪኩን በምን ይጽፋል ቢሉ፥ መርፌና ክር፥ ቍርጥራጭም ጨርቅ ይበቃዋል። የዚህ ነገር ምስክር በአሜሪካ አገር በባርነት የተወለደችው ሐሪየት ፓወርስ ናት።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የቅኔን መንገድ ስማር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ጨርቅም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው ያወቅሁት ዕድሜዬ ከኀምሳ ካለፈ በኋላ፥ የዚህችን ሴት ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው። ይህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ለትውልድ የሚቀር ስለ ሆነ፥ ያገኘሁትን ለአንባቢ ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ዓይነት ጥቂት እንናገር። በእኛ አገር ድሪቶ የሚባለው ያረጀ ጨርቅ እየተጣፈና እየተደረተ የሚሠራ የድኻ ልብስ ነው። ስለዚህም ቃሉ ለንቀት ይነገራል፤ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ እርስ በርሱ ያልተስማማ ጽሕፈት እንኳ ድሪቶ ይባላል። አሜሪካውያን ኵይልት የሚሉት የአልጋ ልብስም የድሪቶ ወገን ነው። አሠራሩ ሦስት ድርብ ነው፤ በላይ የተጣጣፈው ጨርቅ፥ በመካከል የተባዘተ ጥጥ፥ በታች ገበር ይሆናል፤ ሦስቱም ባንድነት በጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ። አንዳንዱ ድሪቶ ማዕዘን ማዕዘን ተደርጎ በተቈረጠ ጨርቅ ብቻ የሚያጌጥ ነው። ሌላው ግን የሰውን፥ የእንስሳን፥ የፀሐይንና የከዋክብትን ቅርጽ ከልዩ ልዩ ጨርቅ እየቈረጡ በላዩ በመስፋት የሚሠራ ነው። ሐሪየት ፓወርስ ታሪክዋን የጻፈችው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ነው።

ቅርጽን ከጨርቅ ቈርጦ በሌላ ጨርቅ ላይ መስፋት በአፍሪካም የቈየ ጥበብ ነው። በቀድሞው የዳሆሜ መንግሥት፥ ዛሬ ቤኒን በሚባለው አገር፥ በአቦሜ ከተማ የሚኖሩ የፎን ሕዝብ ጠቢባን የነገሥታቱን ምልክትና የጦር ታሪክ በዚሁ መንገድ ያሳዩ ነበር። የሐሪየትን ሥራ የመረመሩ ሊቃውንትም በሁለቱ መካከል ያለውን መመሳሰል አስተውለው ጽፈዋል።

ሐሪየት የተወለደችው ኦክቶበር 29 ቀን 1837 ጆርጂያ በሚባለው ግዛት አቴንስ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ ግዛት በ1829 የወጣ ሕግ ባሮችን ንባብና ጽሕፈት ማስተማርን ከልክሎ ነበር፤ ያስተማረ ሰው ይቀጣል። ጌቶቹ ማንበብን የፈሩበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ የሚያነብ ባርያ የመንገድ ፈቃድ ጽፎ ይኰበልላል፥ ስለ ነጻነት የተጻፈውንም አንብቦ ለጓደኛው ይነግራል ብለው ነው። መርፌን ግን አልፈሩም። የሚሰፋ እጅ ለጌታው ቤት ይጠቅማልና የባርያ ሴቶች ስፌትን ይማሩ ነበር።

በ1855 ሐሪየት አርምስቴድ ፓወርስ የሚባል ሰው አግብታ ብዙ ልጆች ወለደች። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ መካከል ታላቅ ጦርነት ሆኖ፥ በፍጻሜው ባርነት በሕግ ተሻረ። ከዚህም በኋላ ባልና ሚስት በእርሻ ሲደክሙ ቈይተው፥ በ1880ዎቹ ዓመታት አራት ኤከር ያህል መሬት የራሳቸው ሆነላቸው። በባርነት የተወለደ ሰው ባለ ርስት መሆኑ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1886 በአቴንስ ከተማ ትርኢት ተደርጎ የእርሻና የእጅ ሥራ ለሕዝብ ሲታይ፥ ሐሪየትም አንድ ድሪቶ አቀረበች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ወደ ኀምሳ ዓመት ተቃርቦ ነበር። ጄኒ ስሚዝ የምትባል በከተማይቱ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሥዕል የምታስተምር ነጭ ሴት ድሪቶውን አይታ ተደነቀች። ባለቤቲቱን ፈልጋ አግኝታ ሽጪልኝ ብትላት፥ ሐሪየት በምንም ዋጋ አልሸጠውም አለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር በቤትዋ ገባ። ስለዚህ ድሪቶውን ለመሸጥ ተስማማች፤ በ1891ም በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልላ፥ በበሬ ጋሪ ተጭና ወደ መምህርቲቱ ቤት ይዛው መጣች። የጠየቀችው ዋጋ ዐሥር ዶላር ነበር፤ የተሰጣት ግን አምስት ዶላር ነው። ባልዋን ብታማክረው ጊዜው ክፉ ነውና ተቀበዪ ስላላት ተቀበለች። ከመለየትዋም በፊት የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጓሜ ለገዢዋ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ መምህርቲቱም ሰምታ ጻፈችው። ከዚያም በኋላ ሐሪየት ድሪቶዋን ለማየት ወደዚያች ቤት ደጋግማ ትመጣ እንደ ነበርና የአእምሮዋ ልጅ አድርጋ ትቈጥረው እንደ ነበር መምህርቲቱ መስክራለች። ልጅዋን በአምስት ዶላር ሰጥታ እንግዳ ሆና የምትጠይቅ እናት ኀዘንዋ እንዴት ያለ እንደ ሆነ አንባቢ በልቡ ይመዝነው።

ይህ ድሪቶ ዐሥራ አንድ ክፍል አለው፤ ሁሉም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው። አዳምና ሔዋን በገነት፥ ቃየን አቤልን ሲገድል፥ የያዕቆብ ሕልም ከነመሰላሉ፥ የጌታችን ጥምቀት፥ የመጨረሻው እራት፥ ይሁዳ ከሠላሳው ብር ጋራ፥ ስቅለትም፥ ሌላውም ይታይበታል። ይሁዳ የተቀበለው ብር ክብ ክብ ሆኖ በተቈረጠ ጨርቅ ተመልክቷል።

በገነት ሥዕል ውስጥ ያለው እባብ ግን ልዩ አስተያየት ይገባዋል። ከእንስሳቱ ሁሉ እግር ተደርጎለት የተሠራው፥ በተፈጥሮው እግር የሌለው እባብ ብቻ መሆኑን ጄኒ ስሚዝ ታዝባ ጽፋለች። ይህ ለተመልካች የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማረ ሰው ቢያየው አይስቅም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ቍጥር 14 እባብ በሆዱ እንዲሄድ የተፈረደበት ሔዋንን ካሳተ በኋላ ነው፤ በሆዱ መሄድ ቅጣት ከሆነ፥ ከቅጣቱ በፊት አካሄዱ ሌላ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሔዋንን በሚያነጋግርበት ሰዓት እባቡን ባለ እግር አድርጎ ማሳየት ከንባቡ ጋራ ይስማማል። በአንድ ትንሽ ቍራጭ ጨርቅ ላይ ይህን የሚያህል ምሥጢር ይገኛል።

ሐሪየት የሠራችው ሁለተኛው ድሪቶ በ1898 በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ወገን የሆኑ ሴቶች ቻርልስ ከትበርት ሆል ለሚባሉ ቄስ በስጦታ ያቀረቡት ነው። ይህኛው ዐሥራ አምስት ክፍል አለው። ዐሥሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው፤ ኢዮብ ሲጸልይ፥ ሙሴ የሰቀለው እባብ፥ ዮናስ ወደ ባሕር ሲጣል፥ የቍጣ ጽዋ የያዙት ሰባቱ መላእክትና ይህን የመሰለው ሁሉ አለበት። አምስቱ ግን በአሜሪካ ምድር የሆነ ነገር ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ሊያስተውለው የሚገባውም ይህ ነው።

በአንደኛው ክፍል ሜይ 19 ቀን 1780 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሆነው የጨለማ ቀን ይታያል። በዚያ ዕለት በቀትር ሰማዩ ጠቍሮ ሰዎች በመብራት እስኪበሉ ድረስ ጨለመ፤ የዛሬ ሊቃውንት ምክንያቱ የታላቅ ደን ቃጠሎ ጢስ ከደመና ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ሆነ ይናገራሉ። በሌላው ክፍል ኖቬምበር 13 ቀን 1833 ሌሊት ከዋክብት እንደ ዝናብ ሲወርዱ ይታያሉ። ይህም ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ጥሎት የሚሄደው ትቢያ ወደ ምድር አየር ገብቶ በመቃጠሉ የሆነ ነው። በዚያን ሌሊት ያየው ሕዝብ ግን የዓለም ፍጻሜ የደረሰ መስሎት ተንቀጠቀጠ። የልደት መዝገብ የሌላቸው ባሮችም ዕድሜያቸውን ከዋክብት ከረገፉበት ሌሊት ጀምረው ይቈጥሩ ነበር። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ በፌብሩዋሪ 1895 የወረደው ብርቱ ብርድ፥ ሰው በቆመበት ሲደርቅ ተሥሏል።

አሁን ዘመኑን እናስተያየው። ሐሪየት የተወለደችው በ1837 ነው። የጨለማው ቀን ከልደትዋ 57 ዓመት አስቀድሞ፥ ያውም ከአገርዋ በራቀ ግዛት የሆነ ነው፤ ከዋክብት የረገፉበት ሌሊትም ከልደትዋ 4 ዓመት ይቀድማል። እንግዲህ ከአምስቱ አንዳንዱን በዘመንዋ አየችው፥ አንዳንዱን ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ተቀበለችው። ታሪክ በቃል ሲተላለፍ ቈይቶ በእርስዋ እጅ ጨርቅ ላይ ዐረፈ። ደግሞም የአገርዋን ታሪክ ከኢዮብና ከዮናስ ታሪክ አጠገብ በአንድ መደብ አሰፈረችው፤ በጨለማው ቀን የተጨነቀው ሰው በዓሣ አንበሪ ሆድ ከተጨነቀው ነቢይ ጋራ ጎን ለጎን ተቀመጠ።

በዚሁ ድሪቶ ላይ ቤትስ የምትባል አንዲት ዐሳማ አለች። ከጆርጂያ ተነሥታ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል የሮጠች፥ በራስዋ ፈቃድ የምትሄድ ዐሳማ ናት ተብሎ ተጽፎላታል። ቨርጂኒያ ከጆርጂያ ወደ ሰሜን ነው፤ ከባርነት የሚኰበልል ሰውም መንገዱ ወደ ሰሜን ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች የዐሳማዪቱን ሩጫ የኰብላዮች ምሳሌ አድርገው ይተረጕሙታል። ቅኔ የተማረ ሰውም ይህን ትርጓሜ ለመቀበል አይቸገርም፤ ሰሙ ዐሳማ፥ ወርቁ ነጻነት ነውና።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ያወቅነው ጨርቁን በማየት ብቻ አይደለም። የሁለቱም ድሪቶ ትርጓሜ በወረቀት ስለ ተጻፈ ነው። ትርጓሜው ባይጻፍ ኖሮ ተመልካቹ ከዋክብትና እንስሳት፥ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎችም ያያል እንጂ፥ ይህ 1780 ነው፥ ይህ 1833 ነው፥ ይህች ቤትስ ናት ሊል አይችልም ነበር። ሰሙ በእጁ ሆኖ ወርቁ ይጠፋበት ነበር።

ሁለተኛም ነገር አለ። የመጀመሪያውን ትርጓሜ የጻፈችው ሠሪዋ ሳትሆን ገዢዋ ናት። ስለ ጽሕፈትዋ ምስጋና ይገባታል፤ ሳለ ግን ሰው ስለ ሌላው ሲጽፍ የራሱን አስተያየት ሳይጨምር አይቀርም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሐሪየት የጻፉ ብዙዎች ማንበብና መጻፍ የማትችል፥ መጽሐፍ ቅዱስን ከስብከት በመስማት ብቻ ያወቀች ሴት አድርገው ገመቱዋት። ግምቱም ለብዙ ዘመን እንደ እውነት ሲነገር ኖረ።

ከዚህ በኋላ በ2009 ካይራ ሂክስ የምትባል ተመራማሪ ባሳተመችው መጽሐፍ፥ ሐሪየት በ1896 ወደ አንዲት ሴት የላከችው ደብዳቤ ተገለጠ። በደብዳቤዋም በልጅነትዋ ከነጭ ልጆች ፊደል እንደ ተማረች፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ራስዋ እንዳነበበች ተናግራለች። ቢያንስ አራት ድሪቶ እንደ ሠራችና ከእነርሱም አንዱ የጌታን እራት የሚያሳይ እንደ ነበረ ገልጣለች። በ1829 የወጣው ሕግ ሊከለክላት የፈለገውን ነገር አግኝታው ኖራለች። እውነቱን ለመመለስ ግን 113 ዓመት ፈጀ።

ዛሬ ከሥራዋ በእጅ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በ1969 በዋሺንግተን ወደሚገኘው ስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ገባ፤ ሁለተኛው በ1964 በቦስተን ወዳለው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ገባ። የጌታ እራት ድሪቶ ግን አልተገኘም። እንግዲህ የሁለቱ ጨርቅ ተርፎ ቃሉን ሌላ ሰው ጻፈው፤ የሌላው ቃል ተርፎ ጨርቁ ጠፋ። ሐሪየትም ጃንዋሪ 1 ቀን 1910 ዐረፈች፤ የመቃብርዋ ድንጋይ በአቴንስ ከተማ በጥቍሮች መካነ መቃብር ተረስቶ ቈይቶ በ2005 ተገኘ። ከዚያ በፊት ያረፈችበት ዓመት እንኳ በመጻሕፍት 1911 እየተባለ ይጻፍ ነበር።

ይህን የቃልና የጨርቅ መለያየት የሚያስቀር ሥራ የሠራች ሌላ ሴት ደግሞ ከእርስዋ በኋላ ተነሣች። ይህችም በ1930 በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም በተባለው ሰፈር የተወለደችው ፌይዝ ሪንጎልድ ናት። ሠዓሊ ነበረች፤ በከተማይቱም ትምህርት ቤቶች ሥዕል ታስተምር ነበር። እናትዋ ዊሊ ፖዚ ልብስ የምትቀድና የምትሰፋ ባለ ሙያ ነበረች። ከአያቶቻቸውም በባርነት ሳሉ ድሪቶ ይሠሩ የነበሩ እንዳሉ በቤተ ሰቡ ይነገር ነበር። ፌይዝ ኀምሳ ዓመት በሞላት በ1980 ከእናትዋ ጋራ ሆና የመጀመሪያ ድሪቶዋን ሠራች፤ በማግሥቱ ዓመት እናትዋ ዐረፈች።

ፌይዝ የሕይወትዋን ታሪክ ጽፋ የሚያሳትምላት ባጣች ጊዜ፥ ጽሕፈቱን በራሱ በድሪቶው ላይ ለማስፈር ቈረጠች። ስለዚህ ከ1983 ጀምሮ በሥዕሉ ዙሪያ ወይም በመካከሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ታሪኩን በፊደል እየጻፈች ትሰፋው ጀመር። ከእነዚህ ይልቅ የታወቀው በ1988 የተሠራውና በኒው ዮርክ በጉገንሃይም ቤተ መዘክር ያለው ነው። በእርሱም ካሲ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ በበጋ ሌሊት ከቤታቸው ጣራ ላይ ተኝታ፥ በሐሳብዋ ከጆርጅ ዋሺንግተን ድልድይ በላይ ስትበርር ትታያለች። አባትዋ ያንን ድልድይ ከሠሩት አንዱ ሲሆን፥ በዘሩ ምክንያት ወደ ሠራተኞች ማኅበር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ልጂቱም በበረራዋ ያን ማኅበር ለአባትዋ ልትሰጠው ትመኛለች። በ1991 ይህ ታሪክ የልጆች መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። አሳታሚ ያጣው ቃል በጨርቅ በኩል ዞሮ ወደ መጽሐፍ ገባ ማለት ነው። ፌይዝ ሪንጎልድ በ93 ዓመትዋ በኤፕሪል 2024 ዐረፈች።

የአንደኛዋ ድሪቶ በአደባባይ የታየው ዕድሜዋ ወደ ኀምሳ ሲቃረብ ነው፤ ሁለተኛዪቱ ሥራውን የጀመረችው በኀምሳ ዓመትዋ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ ኀምሳኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ነው፤ ባርያ ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠም ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ሴቶች የተመለሰላቸው ርስት ታሪካቸውን በራሳቸው እጅ የመናገር ሥልጣን ነው። ዕድሜ መግፋቱም አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም የሚነገረው ነገር የተከማቸው በዕድሜ ብዛት ነው።

በየቤታችንና በየቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች እጅ የሠራው ብዙ ነው። መጋረጃው፥ የጥላው ዘርፍ፥ የቀሚሱ ጥለት፥ የመሶቡ ስፌት ሁሉ የሠሪ አሳብ አለበት። ይህን ቀለም ስለ ምን መረጥሽ፥ ይህ ምልክት ከማን የተማርሽው ነው፥ በምን ዘመን ሠራሽው ብሎ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት የደብሩን ንዋየ ቅድሳት የሚቈጥሩ ሰዎች፥ ከመጋረጃው ቍጥር አጠገብ የሠሪዪቱን ስም፥ የሠራችበትን ዓመት፥ ስለ ሥራዋም የተናገረችውን ቃል ቢጽፉ ወረቀቱ አንድ ገጽ ቢጨምር ነው። ቃሉም እንደ ሰሙት፥ ሳይታረምና ሳይጌጥ ይጻፍ፤ ራስዋ መጻፍ የምትችል ብትሆን ደግሞ ብዕሩ ለእርስዋ ይሰጣት። ጨርቁን ብል ይበላዋል፤ በስምዋ የተመዘገበው ቃል ግን የልጅ ልጆችዋን ይጠብቃል።